ከፍሪሲዮኑ ውስጥ የወጣው አፈር

ሰው በመፍቻ ሊገደል ይችላል። ጭንቅላቱን መምታት አያስፈልግም፤ ብሎን መፍታት ይበቃል። እኔ ይህን ያወቅሁት በሃያ አራት ዓመቴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አሥር ሰው ቆሞ እያየኝ ነው። እስከ ዛሬ በአደባባይ ያልተናገርኩት አፍሬ ነው እንጂ ረስቼ አይደለም።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ከአዲሱ ገበያ ወደ ቀጨኔ በሚወስደው መንገድ ዳር በቆርቆሮ የተከለለች ጋራዥ ነበረችኝ። ጋራዥ ከተባለች ነው እንግዲህ፤ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ክሪክና አንድ ሣጥን መፍቻ። ዕቃ ባይኖረኝም አፍ ነበረኝ። መኪና ሲያልፍ ድምፁን ሰምቼ በሽታውን እናገራለሁ እያልኩ እጎርር ነበር፤ ብዙ ጊዜም ልክ እሆን ነበር። የሰፈሩ ሹፌሮች "እጁ መድኃኒት ነው" ሲሉኝ ደረቴ ይነፋል። በዚያ ዕድሜዬ ከምግብ ይልቅ ሙገሳ የምበላ ሰው ነበርኩ።

ቀበሌያችን ከአንድ ነጋዴ የተወረሰች አንዲት የናፍጣ ጂፕ ነበረችው። ከኋላዋ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር አላት። ለሕብረት ሱቁ ስኳርና ስንዴ ታመላልሳለች፤ ሲያሻቸው ደግሞ የታሰረ ሰው ይጭኑባታል። ሹፌሯ ጋሽ መኩሪያ ይባላሉ። አርባውን ያለፉ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ድሮ የነጋዴው ሹፌር ነበሩ፤ መኪናዋ ስትወረስ እሳቸውም ከነቁልፏ ወደ ቀበሌ ተዛወሩ። "እኔም እንደ ትርፍ ጎማ አብሬ ተመዘገብኩ" ይሉ ነበር። ሚስታቸው እትዬ አስካለ ቀጨኔ ጉሊት ላይ በርበሬና ሽንኩርት ይሸጣሉ። ልጅ የላቸውም፤ ሁለቱ ብቻ ተደጋግፈው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ።

አንድ ቀን ጋሽ መኩሪያ ጂፗን ይዘው መጡና ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ እንደማትሄድ ነገሩኝ። መኪና ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ፍሪሲዮን ማለት የሞተሩን ጉልበት ጨብጦ ወደ ጎማዎቹ የሚያስተላልፍ ክብ ሸራ ነው። ሸራው ዘይት ከነካው ያዳልጠዋል፣ መጨበጥ ያቅተዋል። የዚያች ጂፕ የዘይት ማገጃ ጎማ አርጅቶ ሸራው ላይ ያንጠባጥብ ነበር። መድኃኒቱ ማገጃውንም ሸራውንም መቀየር ነው፤ ግን በዚያ ጊዜ መለዋወጫ ከየት ይምጣ? የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፈለቀ ደግሞ መኪናዋ አንድ ቀን እንኳ እንድትቆም አይፈቅድም። ጋሽ መኩሪያ ሁለት ጊዜ አመልክተው፣ ሁለት ጊዜ "ሰበብ አታብዛ" ተብለው ተመልሰዋል።

ታዲያ በእኛ በመካኒኮችና በሹፌሮች ዘንድ አንድ የችግር ጊዜ ዘዴ ነበረች። በወንፊት የተነፋ ደረቅ አፈር በፍሪሲዮኑ ቤት የጎን ቀዳዳ በኩል ትንሽ ጨመር ይደረጋል። አፈሩ ዘይቱን ይጠጣዋል፣ ሸራው ለጥቂት ቀን ይጨብጣል። እኛ "ማጉረስ" እንላት ነበር። ውሎ አድሮ ሸራውን እንደምትበላው እናውቃለን፤ ግን መለዋወጫ የሌለው ሰው ነገን አያስብም። ቀዳዳውን ለጋሽ መኩሪያ ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ግማሽ ስኒ አፈር የጨመርኩትም በገዛ እጄ ነው። እንደገና ሲያዳልጥ እሳቸው ራሳቸው ትንሽ እንዲያቀምሱት ነግሬ ሸኘኋቸው። ጂፗም ዳገቱን እየጎተተች ወጣች።

አሥር ቀን ያህል ቆይቶ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ሰዎች ጂፗን እየገፉ ወደ ጋራዤ አመጧት። ጓድ ፈለቀ ከፊት፣ ጠብመንጃ የያዙ አብዮት ጠባቂዎች ከኋላ፣ ጋሽ መኩሪያ መሐል ላይ ናቸው። እጃቸው አልታሰረም፣ ግን ማንም አጠገባቸው አይቆምም። ያ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ያውቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ጠዋት ወረቀት ሲበትን የተገኘ አንድ ወጣት ወደ ቀጨኔ ሽቅብ ሲሮጥ ጂፗ ተከትላዋለች። ዳገቱ ወገብ ላይ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ቆመች፣ ወጣቱ አጥር ዘሎ ጠፋ። ጓድ ፈለቀ ንዴቱን የሚወጣበት ሰው ፈለገ፤ በእጁ የነበረው ሹፌሩ ብቻ ነው። ለነገሩ ያወጣለት ስም "አሻጥር" ነው። በዚያ ጊዜ ይህ ስም አንዴ የተለጠፈበት ሰው ይግባኝ አልነበረውም።

ጓድ ፈለቀ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ። ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው።

"አንተ ባለሙያ ነህ" አለኝ። "መኪናዋ ራሷ ናት የታመመች ወይስ ሰው ነው ያሳመማት? የምትለኝን ጽፈህ ትፈርማለህ። እሷው ከሆነች ሰውዬው አሁኑኑ ወደ ቤቱ ይሄዳል።"

ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። በሽታውን አውቀዋለሁ፣ ማስረዳቱንም አውቅበታለሁ፣ ጋሽ መኩሪያም በእኔ ሙያ ነፃ ሊወጡ ነው። እጄን በጨርቅ ጠርጌ ሁሉም እንዲያይ አድርጌ ቆምኩ።

ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍኩ። የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳብኩ። ሞተሩን አስነስቼ ሦስተኛ ማርሽ አስገባሁና ትንሽ ነዳጅ ሰጥቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልኩ ለቀቅሁት። ሸራው ጤነኛ ቢሆን ኖሮ መኪናዋ ተንቀጥቅጣ ሞተሩ እዚያው ይጠፋ ነበር፤ ጎማው ታስሮ ሞተሩ ሊዞር አይችልምና። ይህኛው ግን እግሬን ጨርሼ ካነሳሁ በኋላም ምንም እንዳልነካው መንዶቅዶቁን ቀጠለ። ከሥር የተቃጠለ ሸራ ሽታ መጣ። ወርጄ ሁሉንም አንድ በአንድ ገለጽኩ፤ ሸራው እንደማይጨብጥ፣ ዘይት እንደነካው፣ የሰው እጅ እንደሌለበት።

ጓድ ፈለቀ አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ። ከጠባቂዎቹ አንዱ ለጋሽ መኩሪያ ሲጋራ ሰጣቸው። አያችሁ፣ አልቆ ነበር። እዚያው ላይ ወረቀት አምጡና ልፈርም ብል ጋሽ መኩሪያ ምሳቸውን ቤታቸው ይበሉ ነበር።

እኔ ግን ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ማቆም አቃተኝ። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" ይባል የለ? ካስፈለገ ፍሪሲዮኑን የሸፈነውን የማርሽ ሣጥን፣ ካምቢዮውን፣ አውርጄ ዘይቱን በዓይናችሁ አሳያችኋለሁ አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ጓድ ፈለቀ ሰዓቱን አየና "አውርደው" አለ።

ጋሽ መኩሪያ ሲጋራውን ሳይለኩሱት በእጃቸው እንደያዙ ወደ እኔ መጡ።

"ምን አደከመህ? ሸራው መሆኑ ታወቀ እኮ" አሉኝ።

"ግድ የለም ጋሼ፤ ጥርት ብሎ ይውጣልዎት።"

"አይ... ማለቴ፣ ባትከፍተው ይሻላል።"

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እኔ ደግሞ መፍቻ እየመረጥኩ ነበር። ስለ አፈሩ ሳላስብ ቀርቼ እንዳይመስላችሁ። አስቤያለሁ። ግማሽ ስኒ አፈር በአሥር ቀን ውስጥ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ጥቁር ጭቃ ሆኗል፣ ማንም አይለየውም ብዬ ገምቻለሁ። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል ሲባል ሰምቼ ሌላ ሰው የሚመለከት ይመስለኝ ነበር።

ከሦስት ሰዓት ያላነሰ ፈጀብኝ። ጉድጓዱ ውስጥ በጀርባዬ ተጋድሜ ዘንጉን ፈታሁ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አወረድኩ። ከላይ የሰዎቹ ጫማ ብቻ ይታየኛል። የጋሽ መኩሪያ ጫማ ከሌሎቹ ራቅ ብሎ ቆሟል። የመጨረሻው ብሎን ዝጎ እምቢ ሲለኝ መዶሻ አንስቼ መታሁት። ያንን ብሎን ስንት ሌሊት እንዳሰብኩት አልነግራችሁም። ኋላ ላይ ለቀቀ፤ ካምቢዮውን ይዤ ወደ ኋላ ሳብኩት።

መጀመሪያ የመጣው ዘይት አልነበረም። አፈር ደረቴ ላይ ፈሰሰ። አንድ ትልቅ ጣሳ የሚሞላ፣ ቀይ፣ የተነፋ፣ ገሚሱ ገና ደረቅ የሆነ አፈር። ጋሽ መኩሪያ መኪናዋ እንዳትቆምባቸው ፈርተው በየማለዳው ሲያጎርሷት ኖረዋል። እኔ ላንድ ሰሞን ያልኩትን እሳቸው የዕለት ቀለብ አድርገውታል።

ጓድ ፈለቀ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ አለ። ከአፈሩ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ አሸው።

"ይሄ ምንድነው?"

"አፈር ነው" አልኩ።

"አፈር በራሱ እዚህ ድረስ ይገባል?"

"አይገባም።"

ጋሽ መኩሪያ ራሳቸው ተናገሩ። አፈሩን የጨመሩት እሳቸው መሆናቸውን፣ ዘይቱን ይጠጣል ብለው እንደሆነ፣ መኪናዋን ለማቆም ሳይሆን እንዳትቆም እንደሆነ አስረዱ። ጓድ ፈለቀ እስከ መጨረሻው ሰማቸውና ማን እንዳስተማራቸው ጠየቃቸው። እኔ ገና ጉድጓዱ ውስጥ ነበርኩ። ጋሽ መኩሪያ ወደ እኔ አላዩም። ሆን ብለው ነው ያላዩት፤ መሬት መሬት እያዩ "ማንም። ድሮ የማውቀው ነው" አሉ።

ያን ጊዜ ጓድ ፈለቀ ወደ እኔ ዞረ።

"አንተ ባለሙያ ነህ። እንዲህ የሚባል ጥገና አለ?"

"አለ" ማለት ነበረብኝ። አለ፣ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል፣ ቀዳዳውን ያሳየኋቸውም እኔ ነኝ። ምናልባት ሁለታችንም እንታሰር ነበር፤ ምናልባት ደግሞ ሁለት ሰው አንድ ቃል ሲናገር ጓድ ፈለቀ ያመነን ነበር። ዛሬም ድረስ አላውቅም። ያኔ የታየኝ የሚቀጥለው ጥያቄ ብቻ ነው፤ "ማን ነገረው?" የሚለው።

"እኔ አላውቅም" አልኩ። ቀጥዬም "ሰምቼም አላውቅ" አልኩ። ሁለተኛዋን ማንም አልጠየቀኝም፤ ከራሴ ጨምሬ የሰጠኋት ናት።

ወረቀቱ መጣ። አፈር ከውጭ ሆን ተብሎ መግባቱን፣ እንዲህ ያለ የጥገና ዘዴ አለመኖሩን ጽፌ ፈረምኩ። ጴጥሮስ እንኳ የሚያነቃው ዶሮ ነበረው፤ በእኔ ጋራዥ ደጃፍ ግን የጮኸ ነገር አልነበረም። ከዚያ ጓድ ፈለቀ ገመድ እንዳለኝ ጠየቀኝ።

"አለ" አልኩ። ያቺን ቃል ያን ጊዜ አገኘኋት።

የጋሽ መኩሪያን እጅ የፊጥኝ ያሰሩት በእኔ ገመድ ነው። ሲወስዷቸው ያልተለኮሰው ሲጋራ መሬት ላይ ወደቀ፤ አንዱ ጠባቂ አንስቶ ኪሱ ከተተው።

በማግሥቱ ጠዋት ጓድ ፈለቀ ከሌላ የተወረሰ መኪና ያስፈታውን ሸራና ማገጃ ላከልኝ። ለጋሽ መኩሪያ ሁለት ጊዜ የለም የተባለው ዕቃ በአንድ ሌሊት ተገኘ። ያንኑ ጉድጓድ ገብቼ እገጥም ጀመር። እኩለ ቀን ላይ ጨርሼ ያንኑ ፍተሻ ደገምኩት፤ የእጅ ፍሬን፣ ሦስተኛ ማርሽ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጎ መልቀቅ። ሞተሩ ወዲያው ጠፋ። ጤነኛ ነበረች።

መኪናዋን ቀበሌ አድርሼ ቁልፏን ልሰጥ ስል ጓድ ፈለቀ እጁን አልዘረጋም። ሹፌር እንደሌላቸው፣ ለዛሬ እኔ እንደምነዳ ነገረኝ። ከኋላ ሦስት የታሰሩ ሰዎች ጫኑ። ሦስተኛው ጋሽ መኩሪያ ነበሩ። ፊታቸው አብጦ አንዱ ዓይናቸው ተከድኗል። ሁለት ጠባቂዎች አጠገባቸው ተቀመጡ። ጓድ ፈለቀ ከእኔ ጎን ገባና ትናንት እምቢ ያላትን ዳገት ይዘን እንድንወጣ፣ እግረ መንገዳችንንም ሥራዬን እንድንፈትን አዘዘ።

ዳገቱ ወገብ ላይ ስደርስ ሞተሩ ጮኸ። መኪናዋ ማዝገም ጀመረች፣ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ወደ ውስጥ ገባ። ጓድ ፈለቀ ዞሮ አየኝ። ምን እንዳጠፋሁ ጠፍቶኝ መሪውን ጨመደድኩ። ከኋላ የጋሽ መኩሪያ ድምፅ መጣ፤ ከንፈራቸው ስላበጠ ቃሉ ተኮላትፏል።

"ግራ እግርህን አንሳ። ፍሪሲዮኑን ረግጠኸዋል። አዲስ ነው፣ ታቃጥለዋለህ።"

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ግራ እግሬ ሳላውቀው ግማሽ ረግጦት ኖሯል። እንደዚያ ከተያዘ አዲስ ሸራም ያዳልጣል። አነሳሁት። መኪናዋ ጨብጣ ጎተተች፣ ዳገቱን እስከ ጫፉ ወጣች። ጓድ ፈለቀ ሳቀና ወደ ኋላ ሳይዞር "አየህ፣ ሲፈልግ ያውቃል" አለኝ።

የብረት በር ያለው አንድ ግቢ አድርሻቸው ተመለስኩ። ሲወርዱ ዞሬ አላየኋቸውም። በኋላ ማያ መስተዋቱ ያየሁት ጠባቂው እጃቸውን ይዞ ሲያወርዳቸው ነው፤ መስተዋቱን አጠፍኩት።

እትዬ አስካለ ስንቅ ይዘው ወደዚያ በር ይመላለሱ ጀመር። በአራተኛው ቀን "ከእንግዲህ አታምጪ" ተባሉ። የዚያን ጊዜ ሰው የዚህን ቃል ትርጉም ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ልቅሶ መቀመጥም አልተፈቀደላቸውም። እኔ ሄጄ አላጽናናኋቸውም። ይልቅ ሌላ ሹፌር እስኪገኝ ድረስ ያቺን ጂፕ አምስት ወር ነዳሁ። ቀጨኔ ጉሊት ላለማለፍ ስል ዙሪያ ጥምጥም እሄድ ነበር። የሰፈሩ ሰው ይፈራኝ ጀመር፤ ጎንበስ ብሎ እጅ የነሳኝም ነበር።

እናንተ የምታነቡ ሰዎች፣ ምን ተማርክ ትሉኝ ይሆናል። በዚያ ቀን ምን እንደሆንኩ ነው ያወቅሁት። ፈሪ መሆኔን ከዚያ በፊትም እጠረጥር ነበር። የማላውቀው፣ ፈሪ ሰው ሲፈራ ዝም ብሎ የሚቀር ሳይሆን ከራሱ ጨምሮ የሚሰጥ መሆኑን ነው። "ዘመኑ ነው" ብላችሁ ልታጽናኑኝ ብትፈልጉ አመሰግናለሁ፣ ግን አልቀበልም። ዘመኑ ጥያቄውን ጠየቀኝ፤ መልሱ የእኔ ነው። ሥራዬን አልተውኩም፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ መኪና ፈትቼ አላውቅም። "እጁ መድኃኒት ነው" የሚለኝ ሰው ካገኘሁ ደግሞ ሌላ ጋራዥ እንዲሄድ እነግረዋለሁ።

ደርግ ወድቆ ሰው በግልጽ ማውራት ሲጀምር እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። እዚያው ጉሊታቸው ላይ፣ ጠዋት ነው፣ ገበያተኛ አልመጣም። አርጅተዋል። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቀዳዳውን ያሳየሁት እኔ መሆኔን፣ አላውቅም ማለቴን፣ ገመዱን፣ መንዳቴን። እሳቸው ከበርበሬው ላይ የተበላሸውን እየለቀሙ ሰሙኝ። ስጨርስም እጃቸው አላቆመም።

"አውቃለሁ" አሉ። "ገና አንተ ያሳየኸው ዕለት ነግሮኛል። አፈሩን በቤቴ ወንፊት እየነፋሁ በላስቲክ ቋጥሬ የምሰጠው እኔ ነበርኩ።"

 ያን ሁሉ እያወቁ ለምን ስሜን ሳይሰጡ እንደማሩኝ ጠየቅኋቸው። የዚያን ጊዜ ቀና አሉ።

"ማን ማረህ? በሦስተኛው ቀን ስምህን ልሰጥ ሄጄ ነበር። እሱን ለቀው አንተን እንዲይዙልኝ። በር ላይ ያለው ልጅ ስንቁን ተቀበለኝና ሹሙ ምሳ ወጥቷል፣ ነገ ነይ አለኝ። ነገው ስሄድ አታምጪ ተባልኩ።"

የተበላሸውን በርበሬ ከፊታቸው ጠርገው ወደ መንገዱ ጣሉት።

"ከዚያ ወዲያ አንተ ምን ትሠራልኛለህ ብዬ ተውኩህ።"